ከሾላ ገበያ ጀርባ ያለችው ዘይት መጭመቂያ፤ ለወጥ ትሁን፣ ለመጥበሻ ግን…

ሥራ ያለባችሁ ሰዎች እንዳትጠብቁኝ ፍርዴን በቅድሚያ ልናገር። የዚች ቤት የኑግ ዘይት ጥሩ ነው። ለወጥ ግዙ። ድንች ልትጠብሱበት ወይም ሳምቡሳ ልታወጡበት ካሰባችሁ ግን ገንዘባችሁን አታባክኑ። የቀረው ዝርዝር ነው። ዝርዝር ደግሞ የኔ ነገር ነው። 34 ዓመት ሂሳብ ክፍል ተቀምጬ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የኖርኩ ሴትዮ ነኝ። አሁን 67 ዓመቴ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚቆጠር ገንዘብ ስለጠፋ ዘይት እቆጥራለሁ።

ነገሩ የመጣው አምና ክረምት ነው። ለጉልበቴ ሕመም ሄጄ ደሜ ሲታይ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል 168 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ የልጄ እኩያ ናት። ወረቀቱን አይታ፣ «እማማ፣ ቤት ውስጥ የሚጠቀሙት ዘይት የቱ ነው?» አለችኝ።

«የሚረጋው።»

«በወር ስንት ሊትር ይሄዳል?»

እዚህ ላይ አፌን ያዘኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን «ደረሰኙ የታለ?» ስል ኖሬ የራሴን ጓዳ አላውቀውም።

ቤት ገብቼ ደብተሬን አወጣሁ። እኛ ቤት 5 ሊትሩ ጀሪካን ወር ይደርሳል፣ ከዚያ አያልፍም። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴና የልጅ ልጃችን። 5 ሊትር ዘይት 4 ኪሎ ከ600 ግራም ያህል ይመዝናል። ለሦስት ሰው፣ ለ30 ቀን አካፈልኩት። ለአንድ ሰው በቀን 51 ግራም መጣ። ሦስት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው፤ 460 ካሎሪ ገደማ። ይሄን ሳየው አላመንኩም፣ ደግሜ አካፈልኩ። ያው ነው።

የሚረጋው ዘይት ፓልም ነው። ግማሽ ያህሉ ሐኪሞች ሳቹሬትድ የሚሉት፣ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ስብ ነው። ስለዚህ ከ51 ግራሙ 25 ያህሉ እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ይሄ ስብ በቀን ከምንበላው ካሎሪ ከ100 እጅ ከ10 በታች ይሁን ይላል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም መሆኑ ነው። ሥጋ ሳልነካ፣ ወተት ሳልቀምስ፣ በዘይቱ ብቻ ጣሪያውን አልፌዋለሁ! ጾመኛ ነኝ ብዬ ስኩራራ ከርሜ። እኛ ኦርቶዶክሶች ደግሞ አጽዋማቱን በሙሉ ለሚጾም ሰው በዓመት ከ180 ቀን በላይ ጾም አለብን። ቅቤው ሲቀር ዘይቱ እንደሚበዛ ወጥ የሠራች ሁሉ ታውቀዋለች።

የሚረጋውን ግን አልረግመውም። በችግራችን ቀን የደረሰልን እሱ ነው። «ሸማቾች ዘይት መጣ!» ሲባል ሰፈሩ እንዴት እንደሚሮጥ አይረሳኝም። ሰልፍ፣ ኩፖን፣ ቢጫ ጀሪካን። በሐምሌ ጠዋት ጀሪካኑ ውስጥ እንደ ሻማ ይቆምና አልቀዳ ይላል። በር ላይ ፀሐይ እስክትወጣ እናስቀምጠዋለን፤ ፀሐይ ካልወጣች ጀበና አጠገብ። ያኔ አንዷ ጎረቤቴ፣ «ይሄ ነገር ጀሪካን ውስጥ እንዲህ ከረጋ ደም ሥራችን ውስጥ ምን ይሠራ ይሆን?» ትል ነበር። ነገሩ እንደዛ አይደለም። ሰውነታችን ሙቅ ስለሆነ ዘይት ደም ሥር ውስጥ አይረጋም። ጉዳቱ በጉበት በኩል ዞሮ በኮሌስትሮል ነው የሚመጣው፣ ቀስ ብሎ፣ በዓመታት። ሴት ልጅ ላይ ደግሞ ካረጠች በኋላ ኮሌስትሮሉ ራሱ ከፍ ይላል። 40 ዓመት ላይ ያላየሁትን 67 ላይ ያየሁት ለዚህ ነው። የጎረቤቴ ምክንያት ስህተት፣ ፍርሃቷ ልክ።

እንግዲህ ዘይት ልቀይር ተነሳሁ። የፋብሪካ የሱፍ አበባ ዘይት ነበር የመጀመሪያ ሐሳቤ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሱፍ ስንል ሁለት ተክል ነው የምንጠራው። ሱፍ ፍትፍት የምንሠራበት ነጩ ሱፍ ሌላ፣ ጀርመን ሱፍ የሚሉት ትልቅ ቢጫ አበባው ሌላ። ጠርሙሱ ላይ የተሳለው ሁለተኛው ነው። እሱን ጥቂት ጊዜ ገዛሁ። ከዚያ አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ፣ «ምን ያስለፋሻል፣ ሾላ ሄደሽ ኑግ አታስጨምቂም?» አለችኝ።

መጭመቂያ ቤቷ ከገበያው ጀርባ ነው፣ ኑግና ተልባ የሚሸጡት ባለ ጆንያዎች የተደረደሩበትን መስመር አልፎ። ታፔላ የላትም። በአፍንጫችሁ ነው የምታገኟት፤ የተቆላ ኑግ ሽታ ከሩቅ ይጠራል። ውስጧ አንድ ክፍል ነው። አንድ ማሽን፣ ሁለት በርሜል፣ አንድ ሚዛን፣ ግድግዳው ላይ የጊዮርጊስ ሥዕል። ወለሉ ዘይት ስለጠጣ ያንሸራትታል። ጫማችሁን አስቡበት።

የሚጨምቀው ልጅ 25 ቢሆነው ነው። «ማዘር፣ ኑጉን ይዘው መጥተዋል ወይስ ከኛ ልመዝንሎት?» አለኝ። ማዘር መባል ድሮ ያናድደኝ ነበር። አሁን ተውኩት። ከጓደኛዬ በተማርኩት መሠረት 10 ኪሎ ኑግ ከገበያው መርጬ ገዝቼ ነበርና ሰጠሁት። ወዲያው ቋቱ ውስጥ ይከተዋል ብዬ ስጠብቅ ሰፌድ አውጥቶ ዘረገፈው።

«ምን ልታደርግ ነው ልጄ?»

«አረም አለበት እንዴ ብዬ ነው። ኑጉ ረዘም ቀጠን ይላል፣ አይታዩትም? ድብልብል ጥቁር ነገር ካየሁ አልጨምቅም። ይዘው ይመለሳሉ።»

ይሄን ሲል ነው ልቤን የወሰደው። በ2001 ዓ.ም አካባቢ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ የሰው እግር የሚያሳብጥ በሽታ ተነስቶ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሲጣራ ከምግብ ዘይት ውስጥ የተገኘው የእሾኻማ አረም ዘር መርዝ ነው። ቢጫ አበባ ያወጣል አረሙ፣ ዘሩ ደቃቅ ድብልብል ነው። ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ ይባላል። ሰሊጥ ቢሆንማ ማን በጠላ! ይሄኛው ግን ልብና ሳንባ የሚጎዳ ነው። ልጁ ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ቢሆን ነው፤ ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት። «አባቴ» አለኝ፣ ቀና ሳይል፣ በጣቱ ኑጉን እየበተነ።

ሁለተኛው የሚያየው ነገር ሻጋታ ነው። እፍኝ አንስቶ ያሸታል። እርጥበት ያገኘው ኑግ አፍላቶክሲን የሚባለውን የሻጋታ መርዝ ያመጣል። ከዓመታት በፊት በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ ይሄ መርዝ ተገኝቶ ብዙ ሲወራ ከላሞቹ መኖ ተጠርጣሪው የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው ተረፈ ምርት፣ ነበር።

ማሽኑ የሥጋ መፍጫ ትልቅ ወንድም ነው በሉት። ጠምዛዛ ብረት ዘሩን እየገፋ ያስጨንቀዋል። ዘይቱ ከታች በስንጥቆቹ ይወርዳል፣ ፋጉሎው ከጫፍ እንደ ቅርፊት እየተላጠ ይወጣል። መጀመሪያ የሚወርደው ጭቃ የመሰለ ጥቁር ነገር ነው፣ ተስፋ አትቁረጡ። ልጁ ፋጉሎውን መልሶ ያስገባዋል፣ ሁለተኛ ይጨመቃል። ከዚያ በአቡጀዴ ይጠለላል። ከ10 ኪሎው 3 ሊትር ከሩብ ወጣልኝ። ኑግ ከክብደቱ ከ100 እጅ 40 ገደማው ዘይት ስለሆነ የቀረው ፋጉሎው ውስጥ ነው ማለት ነው። ፋጉሎውን ለከብት አርቢ ስለሚሸጠው ለሱ ከተዋችሁለት የማስጨመቂያውን ዋጋ ይቀንሳል። እኔ ተውኩለት፤ ያን ሁሉ ፋጉሎ ይዤ የት ልደርስ።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፣ በየሳምንቱ ስለሚዘል። በ2014 መጋቢት 5 ሊትር ዘይት 1,000 ብር ገባ ብለን ጉድ ስንል የነበርን ሰዎች ዛሬ ምን እንላለን? በኔ ስሌት ግን አንድ ሊትር ኑግ ከፋብሪካው የሱፍ አበባ ዘይት በግማሽ ያህል ይበልጣል። ውድ ነው። ይሄን ሳልደብቅ ልናገር።

ወደ ቤት ስመለስ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ሁለቱን ጠርሙስ ዘንቢል ውስጥ አድርጌ ታክሲ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አንዱ ክዳኑ በደንብ አልገጠመም ኖሯል። መገናኛ ስንደርስ ነጠላዬ እስከ ጥለቱ ኑግ ጠጥቷል። ረዳቱ፣ «ማዘር፣ ሽሮ አለ እንዴ ውስጡ?» ብሎ ታክሲውን አሳቀብኝ። ነጠላው ሦስት ጊዜ ታጥቦ ዛሬም ይሸታል።

ጠርሙሱን ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ አራት ቀን አስቀመጥኩት። ዝቃጩ ሁለት ጣት ያህል ወረደ፣ ከላይ ያለው እንደ ቀጭን ጠላ ጠራ። መጀመሪያ ምስር ወጥ ሠራሁበት። ድሮ ዘይት የምጨምረው በዓይኔ ነበር። ያን ቀን በዓይኔ የማፈሰውን መጀመሪያ ሲኒ ላይ አንቆረቆርኩት፤ ሲኒ ተኩል ሆነ! ግማሽ ሲኒውን ብቻ ወስጄ ሌላውን መለስኩ። ሽንኩርቱን እናቴ እንደምታደርገው ያለ ዘይት አቁላላሁት፤ ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረግኩ ውኃ፣ ዘይቱ መጨረሻ ከበርበሬው ጋር። እኛ እኮ ይሄን ሙያ ነበረን። ዘይት ሲረክስ ነው ሽንኩርቱን ዘይት ውስጥ ማዋኘት የጀመርነው።

ወጡ ተበላ። ባለቤቴ ምንም አላለም፤ እሱ ምንም ካላለ ወጡ ጥሩ ነው ማለት ነው። የልጅ ልጄ ግን ሳህኑን አሽታ፣ «እማዬ፣ ይሄ ለጉንፋን የምትሰጪኝ ነገር ይሸታል» አለች። ልክ ናት። ኑግ ይሸታል። ሽሮና ምስር ይሸከሙታል። ጎመንና ድንች አልጫ ላይ ግን ሽታው ብቻውን ይቀራል። ሩዝ ላይ አትሞክሩት።

በሁለተኛው ሳምንት ልጅቱ ችብስ አማረኝ አለች። ኑጉን መጥበሻ ላይ ጣድኩ። ገና ድንቹ ሲገባ አረፋው ሽቅብ ወጣና ምድጃዬን ሊያጠፋው ደረሰ። ቤቱ በጭስ ተሞላ። ድንቹ ከውጭ ቡናማ፣ ከውስጥ ጥሬ። ዘይት ነውና አልደፋሁትም፣ በማግስቱ ደገምኩበት፤ ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን የመጥበሻው ጠርዝ ላይ እንደ ማስቲሽ የሚጣበቅ ቢጫ ነገር ጋገረ። በብረት ሽቦ ፍቄ ፍቄ አልለቅ አለ።

ለካ ምክንያት አለው። ኑግን ለልብ ጥሩ የሚያደርገው ነገርና ለመጥበሻ መጥፎ የሚያደርገው ነገር አንድ ናቸው። ከ100 እጅ ከ70 የሚበልጠው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይሄ የማይረጋ ስብ ነው፤ በሚረጋው ቦታ ሲተካ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ግን ስስ ነው። ብዙ ሙቀትና አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል፣ ይያያዛል፣ ያ ማስቲሽ እሱ ነው። ወጥ ውስጥ ውኃ ስላለ ሙቀቱ ከመፍያው ብዙ አያልፍም፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ደግሞ ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። መጥበሻ ግን 180 ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው። የታክሲ ተራ ፓስቲና ሳምቡሳ የሚጠብሱ ሰዎች የሚረጋውን የሚወዱት በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። እሳት ይችላል።

ይችላል ሲባል ግን እስከ ዘላለም አይደለም። አንድ ቀን አንዲት ቦምቦሊኖ ጠባሽ፣ «ዘይቱን መቼ ነው የምትቀይሪው?» ብላት፣ «አይቀየርም እትዬ፣ ይጨመርበታል» አለችኝ፣ በሙሉ ቅንነት። ብረት ድስቱ ውስጥ ያለው እንደ ኮካ ጥቁር ነው። ባለቤቴ ደግሞ የዚያች ድስት ደንበኛ ነበር። ሐሞት ከረጢቱ ውስጥ ጠጠር እስኪገኝና አንድ ሌሊት ቦምቦሊኖ በልቶ በቀኝ ጎኑ በኩል አስለቅሶት እስኪያድር ድረስ። ስብ የበዛበት ምግብ ሐሞት ከረጢትን ያስጨምቃል፤ ጠጠር ካለ ስቃይ ነው። አሁን በዚያ መንገድ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። በፍቅር ይሁን በፍርሃት እንጃ።

እኛ ቤት ጥብስ ነገር አልቀረም፣ አይቀርምም። በወር አንዴ፣ በጥቂት የፋብሪካ ዘይት፣ አንዴ ተጠብሶበት ይደፋል። ድንቹ ቢጫ ሳለ ይወጣል፤ ድንች በጣም ቡናማ ሲሆን አክሪላማይድ የሚባል የማይፈለግ ነገር ይበዛበታል።

የቤቷን ጉድለት ደግሞ ልንገራችሁ፣ አመስጋኝ ብቻ እንዳልመስል። ቀድማ ጨምቃ የምትሸጠው ዘይት ላይ ቀን የለም። መቼ ተጨመቀ ስትሉ «ትኩስ ነው ማዘር» ነው መልሱ። ትኩስ ማለት ትናንትም ነው፣ ባለፈው ወርም ነው። በርሜሎቹ ክዳናቸው በጨርቅ ነው፣ ብርሃንም ያገኛቸዋል። ኑግ ደግሞ ቶሎ ይከረፋል። ስለዚህ ከበርሜል አልገዛም፤ ፊቴ ካልተጨመቀ አልወስድም። ከወር ፍጆታ በላይም አላስጨምቅም። ሌላው፣ የፋብሪካ ዘይት ቫይታሚን ኤ እና ዲ እንዲጨመርበት ተደርጓል፤ የሾላው ኑግ ውስጥ ይሄ የለም። በኛ ዕድሜ አጥንት ለሚያመው ሰው ቫይታሚን ዲ ትንሽ ነገር አይደለም። እኔ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ፣ ቆሎዬን ይዤ።

አንዳንዱ ሰው ደግሞ የሚረጋ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ፓልም በተፈጥሮው ነው የሚረጋው። በፋብሪካ ሃይድሮጅን እየተጨመረበት በግድ እንዲረጋ የሚደረግ የአትክልት ስብ ግን ሌላ ነው፤ ትራንስ ፋት ያለበት እሱ ነው፣ ከፓልምም የባሰ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አገሮች ሁሉ እንዲያስወግዱት የጠየቀው እሱን ነው። ኬክና ብስኩት ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ።

አሁን ወደ ደብተሬ ልመለስ። የወር ዘይታችን ከ5 ሊትር ወደ 2 ሊትር ተኩል ወርዷል። በነፍስ ወከፍ በቀን 25 ግራም ከግማሽ። ኑጉ በሊትር ውድ ቢሆንም የወሩ ወጪ ከድሮው የሱፍ አበባ ወጪዬ ያነሰ ነው፤ ግማሽ ስለምንበላ። ከአራት ወር በኋላ መጥፎው ኮሌስትሮሌ 121 ገባ። የማኅበር ጓደኛዬ፣ «አላልኩሽም? ኑግ ነው!» ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ግን ሐኪሟ ያኔ 168 የተገኘብኝ ቀን ክኒንም ጀምራልኛለች። ስንቱን ክኒኑ፣ ስንቱን ዘይቱ እንዳወረደው መለየት አይቻልም። በሁለት ሰው ሥራ ለአንዱ ብቻ ደረሰኝ አልቆርጥም።

ልትሄዱ ካሰባችሁ፦ እሑድ ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋው ብዙ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሂዱ። መብራት ከሌለ ማሽኑም የለም፤ ወረፋ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ። ኑጉን ራሳችሁ ግዙ፣ በጣታችሁ እዩት፣ አሽቱት። ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ክዳኑ ጠበቅ የሚል፣ ለነጠላችሁ ስትሉ። አጥባችሁ ደግሞ በደንብ አድርቁት፤ ልጁ ጠርሙሱን ገልብጦ መዳፉ ላይ መታ መታ ያደርጋል፣ አንድ ጠብታ ውኃ ከወረደ አይቀዳላችሁም። እኔን አንድ ቀን መልሶኛል።